ዜና ጦር ወዜና ወጌሻ፤ በሀዲያና በከምባታ ምድር

በዓፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ እርሱም ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)፣ በሀዲያ ምድር ማሒኮ የሚባል ገራድ (የአገር ገዥ) ነበረ። አባቱ ገራድ መሐመድ ነው፤ እኅቱ እሌኒም በንጉሡ ቤት ንግሥት ሆና ትኖር ነበር። ዝምድናው ግን ማሒኮን አላገደውም፤ ግብር አልሰጥም ብሎ ሸፈተ። አጎቱ ባሞ ከንጉሡ ጋር ቆመ። ማሒኮም ወደ አዳል ሊሻገር ሲሸሽ የዳሞት ጭፍሮች ደረሱበት፣ ገደሉትም፤ ራሱን፣ እጆቹንና እግሮቹን ቆርጠው ወደ ንጉሡ አመጡ። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ይህን ሁሉ ጽፏል፤ የተቆረጠውን አካል ሳይቀር ለይቶ ዘርዝሯል። በዚያው ዘመቻ ከፈረስ ወድቆ ጭኑ የተሰበረውን ማን እንዳሰረለት፣ በጎኑ የተሰካውን ጦር ማን እንደነቀለለት ግን አንዲት መስመር አልጻፈም።

ይህ ዝምታ የአንድ ጸሐፊ ስንፍና አይደለም። ጸሐፌ ትእዛዝ የሚጽፈው ለንጉሥ ነው፤ ለንጉሥም የሚጻፈው የዘመተበት፣ ያስገበረው፣ የሾመውና የሻረው ነው። ወጌሻ አይሾምም፣ አይሻርም። ሥራው የሚጀምረው ነጋሪቱ ዝም ካለ በኋላ፣ በጎጆ ውስጥ፣ በቅቤና በጨርቅ ነው። ስለዚህ የሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ጦርነት ከነስሙ ደረሰን፤ ከጦርነቱ የተረፈውን ሰው ያቆመው እጅ ግን ያለ ስም ቀረ። ከዚህም የተነሣ አንድ ስሕተት በአእምሯችን ሥር ሰደደ፤ ጦሩን ታሪክ እንለዋለን፣ ወጌሻውን ግን ባህል ብለን ከምግቡና ከዘፈኑ ጋር በኤግዚቢሽን እናሰልፈዋለን። እኔ የምከራከረው መውጋትና ማዳን አንድ ዕውቀት ናቸው ብዬ ነው። በሀዲያና በከምባታ ምድርም ይህ ዕውቀት ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ያልተጻፈውም ግማሽ እንደ ተጻፈው ሁሉ የታሪክ ምስክር አለው።

አስቀድሞ የጦሩን ነገር ልናገር። ዓፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) በነገሠ በጥቂት ዓመት ሀዲያን አስገበረ። ከዚያም የሀዲያው ንጉሥ አማኖ፣ ዜና መዋዕሉ የጨለማ ነቢይ በሚለው በብልዓም ምክር ግብሩን ከለከለ፤ ንጉሡም ዘምቶ አማኖን ማረከው፤ ብዙ ሕዝብም ተማረከ፤ ብልዓም ወደ ይፋት አመለጠ። የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያው ንጉሥ ወደ ምሥራቅ ሲዘምት ከላካቸው ጭፍሮች መካከል ከዳሞት ጎን የሀዲያ ስም አለ፤ ፈረሰኞችና እግረኞች፣ በውጊያ የሠለጠኑ ናቸው ይላል። ትናንት የተወጋው ዛሬ ተዋጊ ሆነ። በዚያው ምዕተ ዓመት በካይሮ ሆኖ የጻፈው አልዑመሪ የሀዲያን ስፋት በስምንት ቀን መንገድ በዘጠኝ ቀን፣ ፈረሰኛዋን 40,000፣ እግረኛዋንም የዚያ እጥፍ ያደርገዋል። ቁጥሩ የሰሚ ቁጥር ነው፣ ተጋንኖም ይሆናል፤ ግማሹን እንኳ ብንጥል ግን የፈረስ አገር እንደ ነበረች ይቀራል። ከዘርአ ያዕቆብም በኋላ ነገሩ አልበረደም፤ በ1560ዎቹ መጨረሻ ዓፄ ሠርፀ ድንግል ከገራድ አዜ ጋር ሲዋጋ የሀዲያ ፈረሰኛ አሁንም በሜዳው ላይ ነበረ። ፈረስ ባለበት የትከሻ ውልቃት፣ የክንድና የቁርጭምጭሚት ስብራት አለ፤ ይህም ጠላት ሳይመጣ በልምምድ ብቻ ነው። የተሰበረ ሁሉ አካለ ስንኩል ሆኖ የሚቀርበት አገር ፈረሰኛውን ከትውልድ ትውልድ ሊያቆይ አይችልም።

ይህ እስካሁን ግምት ነው፤ ከግምት የሚያወጣን ምስክር ግን እዚያው አልዑመሪ ዘንድ አለ። በዚያ ዘመን ለግብፅና ለዐረብ አገር ቤተ መንግሥት የሚሸጡ ስልብ ባሮች ከዚህ አገር ይወጡ ነበር። አልዑመሪ እንደሚለው የአማራው ንጉሥ መስለብን ይከለክል ነበር፤ ስለዚህ ነጋዴዎቹ ምርኮኞቹን ወሽሉ ወደምትባል ከተማ ወስደው ያሰልቧቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን በወሽሉ አያቆዩአቸውም፤ ወደ ሀዲያ ያመጧቸዋል። በሀዲያም ምላጩ ሁለተኛ ያልፍባቸዋል፤ በመግል የተዘጋው የሽንት መውጫ ይከፈታል፤ ከዚያም እስኪድኑ ድረስ ይታከማሉ። ምክንያቱንም ራሱ ጨምሮ ጽፎታል፤ የወሽሉ ሰዎች ማከም አያውቁም። ቢሆንም የሚሞቱት ከሚድኑት ይበዛሉ ይላል። እንግዲህ አንባቢ ቃሉን ይመርምር። በአንድ ክፍለ ዘመን፣ በአንድ የንግድ መንገድ ላይ፣ የሚቆርጥ ከተማ ነበረ፤ የተቆረጠውን ማዳን የሚችል ተብሎ የተጠራው ግን ሀዲያ ነው። መግል ሲቋጥር ማወቅ፣ ዳግመኛ መክፈት፣ የሽንቱን መንገድ ክፍት አድርጎ ማቆየት፣ ቁስሉን ከሥር ወደ ላይ ማዳን፤ ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚገኝ ብልሃት አይደለም።

በዚህ ላይ ሁለት ሙግት ይነሣል። አንደኛው፣ አልዑመሪ ሀዲያን በዓይኑ አላየም የሚል ነው። እውነት ነው፤ የሰማው ወደ ካይሮ ከመጡ መልእክተኞች፣ ከዘይላዊው ፈቂህ ዐብደላህ አፍ ነው። ነገር ግን ዐብደላህ ሀዲያን ለማሞገስ ምክንያት አልነበረውም፤ ነገሩንም በዝርዝር የሚናገረው እንደ ነጋዴ ሐተታ ነው፤ የሟቹንም ብዛት አልሸሸገም። ሁለተኛው ሙግት ይከብዳል። ይህ ሕክምና ሳይሆን የግፍ ማሟያ ነው፤ የሚድነው ሰው የሚድነው ዋጋው እንዳይወድቅ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር በክብር መጥራት ነውር ነው የሚል። ነውሩን አልክድም። ነገር ግን የዕውቀትን ምንጭ መናገር ሌላ፣ ምንጩን ማክበር ሌላ ነው። የቁስል ሕክምና በብዙ አገር የተገኘው ከጦር ሜዳ፣ ከእስር ቤትና ከባሪያ ገበያ ነው፤ የአውሮፓ ቀዶ ጠጋኞችም ጥበባቸውን ያሰፉት የመድፍ ዘመን ባቆሰላቸው ላይ ነው። ስለዚህ ሙግቱ ነገሬን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ይደግፈዋል። የሚጎዳው እጅና የሚያድነው እጅ በአንድ መንገድ ላይ ነበሩ።

ይህን አንድነት በግልጥ ለማየት ባሕር መሻገር ያስፈልጋል። በደቡብ ህንድ፣ ዛሬ ኬረላ በሚባለው በማላባር ጠረፍ፣ ካላሪፓያቱ የሚባል የውጊያ ጥበብ አለ። ካላሪ የሚባለው መማሪያው ሥፍራ ነው፤ በሰሜኑ ልማድ ከመሬት ዝቅ ብሎ ይቆፈራል፤ ርዝመቱ 42፣ ወርዱ 21 ጫማ ነው፤ በደቡብ ምዕራቡ ማዕዘን ሰባት ደረጃ ያለው የአምልኮ መደብ ይቆማል። ተማሪው መጀመሪያ በሰውነት እንቅስቃሴ፣ ከዚያ በዱላ፣ ከዚያ በሰይፍና ጋሻ፣ በመጨረሻም በባዶ እጅ ይማራል። ፖርቱጋላዊው ዱዋርቴ ባርቦሳ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ናያር ወታደሮች ሲጽፍ፣ ልጆቹ በሰባት ዓመታቸው ወደዚህ ትምህርት እንደሚገቡና መገጣጠሚያቸው እንዲላላ ሰውነታቸው በዘይት እንደሚታሽ ይናገራል። የሹማምንት ጠብ በሁለት ሰዎች ፍልሚያ ይቆረጥ በነበረበት ዘመን ተፋላሚዎቹ ከእነዚህ ቤቶች ይወጡ ነበር። መምህሩም ጉሩካል ይባላል፤ ለነገራችን ዋናው እርሱ ነው፤ ሰይፍ የሚያስተምረው ሰው ያው ስብራት የሚያስረው ሰው ነውና።

የዚህም ማሰሪያው ማርማ የሚሉት ትምህርት ነው። ማርማ በሰው አካል ላይ ያለ፣ ቢመታ የሚገድል ወይም የሚያሽመደምድ ሥፍራ ነው። ሱሽሩታ በሚባለው በጥንቱ የህንድ የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ 107 ተቆጥረዋል፤ የሰሜን ኬረላ መምህራን ለውጊያ የሚሹት 64 ነው ይላሉ። ጉሩካሉ ይህን ለተማሪው የሚገልጠው ከሁሉ በኋላ፣ ጠባዩን ከመረመረ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም የሥፍራው ዕውቀት ሁለት አፍ አለው። የት ቢመቱ ደም እንደሚረጋ ወይም እጅ እንደሚዝል የሚያውቅ፣ የትኛውን ቢያሹ እንደሚፈታም ያውቃል። ስለዚህ በዝናቡ ወራት ተማሪው በምንጣፍ ላይ ይጋደማል፤ መምህሩ ከጣሪያው የወረደ ገመድ ጨብጦ፣ ክብደቱን በክንዱ እየመጠነ፣ ዘይት በተቀባው ጀርባ ላይ በእግሩ ጫማ ከትከሻ እስከ ተረከዝ ረዥም ስቦ ያሻል። የተሰበረ ሲመጣም በስንጥርና በዘይት በተነከረ ጨርቅ ያስራል። እዚያ ጦሩና ወጌሻው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ሰው ውስጥ ኖሩ። በእኛ ምድር ግን ጦሩ በገራዱ አደባባይ፣ ወጌሻው በመንደር ተለያዩ፤ ጦሩ ጸሐፊ አገኘ፣ ወጌሻው አላገኘም።

ልብ በሉ፤ ጥበቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ አላልኩም። እንዲህ ያለ ፈተና ሳይኖር አይቀርም፤ ምክንያቱም ያችው የሀዲያዋ ልጅ እሌኒ በሽምግልናዋ፣ ለሕፃኑ ለልብነ ድንግል መንግሥቱን ስታስተዳድር፣ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ላከች፤ እርሱም በ1512 ህንድ ደርሶ፣ በጎዋ አልፎ፣ በ1514 ሊዝበን ገባ። ስለዚህ የሀዲያ ልጅ መልእክተኛ የህንድን ምዕራብ ጠረፍ የረገጠው ባርቦሳ ናያሮቹን በሚያይበት ዘመን ነው። ነገሩ ያማረ ገጠመኝ ነው፤ ከዚህ ግን የወጌሻ ጥበብ ከማላባር መጣ ወይም ወደ ማላባር ሄደ ብሎ መናገር ተረት መፍጠር ነው። ሰውነት በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ የጭን አጥንትም በአንድ መንገድ ይሰበራል። ንጽጽሩ የሚጠቅመው ለዘር ሐረግ ሳይሆን እኛ ዘንድ የተለያየው ነገር ሳይለያይ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው።

ጦሩስ እንዴት ዝም አለ? በማላባር ኮቲዮት የሚሏት አገር መስፍን ፓሻሲ ራጃ በእንግሊዞች ላይ ተነሥቶ ሲዋጋ ኖሮ በ1805 ተገደለ፤ በዚያም ሰሞን እንግሊዞች ሕዝቡን ትጥቅ አስፈቱ። ሰይፉ ከወጣ ጉሩካሉ በምን ይኖራል? በዘይቱ። ቤቶቹ የቀሩት በብዙ ሥፍራ በማሸትና ስብራት በማሰር ነው። ወደኛም ስንመለስ፣ በ1880ዎቹ የቀቤናው ሐሰን ኢንጃሞ ብዙ ሀዲያዎችን አስከትሎ ከሸዋ ጦር ጋር ተዋጋ፤ በራስ ጎበና ዳጬም ዘመቻ ተሸነፈ። ጥቂት ቆይቶ በ1890ዎቹ ከምባታም፣ የሐምበሪቾን ተራራ ዙሪያ ይገዙ የነበሩት ነገሥታቷ ዘመን አብቅቶ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ገባች። በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ራስ አባተ ቧያለው በዋቸሞ ላይ ከተማ ቆረቆሩ፤ ሆሳዕናም ተባለች። የገራዱ ፈረሰኛ ባላባት ሆነ ወይም ገባር ሆነ፤ ጦሩ በግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ወጌሻው ግን ሥራ አልፈታም፤ ከፈረስ የሚወድቀው ቢቀንስ ከዛፍ የሚወድቀው አለ፣ ኋላም ከሞተር ብስክሌትና ከባጃጅ የሚወድቀው መጣ።

አሁን ከሁሉ የሚጠነክረውን ተቃውሞ ልግለጥ። ታሪክ ያነበበ ሰው እንዲህ ይለኛል፦ የአልዑመሪ ሀዲያ የዛሬው ሀዲያ አይደለም። የጥንቱ ግዛት ከዛሬው ወደ ምሥራቅ የሰፋ ነበር፤ በግራኝ ጦርነትና በኦሮሞ መስፋፋት ሕዝቡ ተበትኗል፤ ሌሞና ሶሮ፣ ሻሾጎና ባደዋቾ ዛሬ ያሉበትን ሥፍራ የያዙት ከረዥም ጉዞ በኋላ ነው። ከምባታም የራሱ ቋንቋና የራሱ ነገሥታት ያሉት አገር ነው። የ14ኛውን ክፍለ ዘመን ምላጭ ከዛሬው የዱራሜ ወይም የሾኔ ወጌሻ ጋር በምን ክር ታስራለህ? ለዚህ መልሴ፣ ክሩ አንድ ነው አላልኩም የሚል ነው። ከአባት ወደ ልጅ ሰባት መቶ ዓመት ሳይቋረጥ ወረደ ብሎ የሚምል ሰው ማስረጃ የለውም። የማስረግጠው ሌላ ነው፤ ይህ ምድር በጽሑፍ በታወቀበት ዘመን ሁሉ ጦርና ፈረስ፣ ስደትና ሰፈራ ያልተለየው ምድር ነው፤ ከዚህ የሚከተለው ስብራትም በየዘመኑ የሚያስር እጅ ይፈልግ ነበር፤ አንድ ጊዜም፣ በአንድ ባዕድ ምስክር፣ ያ እጅ ከጎረቤቱ በላይ የታወቀ እንደ ነበር ተጽፏል። ለጦሩ ታሪክም ከዚህ የበለጠ አልጠየቅንም፤ የማሒኮን ፈረሰኛና የሐሰን ኢንጃሞን ፈረሰኛ አንድ የሀዲያ የጦር ታሪክ ብለን ስንጠራ ማንም የዘር ሐረግ አምጣ አላለንም። ለወጌሻው ብቻ ሚዛኑን ማክበድ ፍርድ አይደለም። ካላሪም ራሱ በዚህ ሚዛን አያልፍም፤ ዛሬ ቱሪስት የሚያየው ትርኢት በ1920ዎቹ በታላሴሪ አካባቢ ኮታካል ካናራን ጉሩካልና ደቀ መዝሙሩ ናራያናን ናየር የተበተነውን ሰብስበው ያቆሙት ነው።

ወጌሻው ምን እንደሚሠራ ያላየ የለም፣ ግን ጥቂት ቀርበን እንየው። ወለም ያለውን ቁርጭምጭሚት በለጋ ቅቤ ያለሰልሳል፤ አውራ ጣቱን በአጥንቱ ጠርዝ እያስኬደ የታማሚውን ፊት ያያል፤ ፊቱ የሚቋጠርበት ሥፍራ የምርመራ መሣሪያው ነው። ውልቃት ሲሆን በጨዋታ አዘናግቶ፣ ሰውየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ስቦ ያስገባዋል። ስብራት ሲሆን ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዙሪያውን ደርድሮ ያስራል። ከዚህ በኋላ የቤቱ ተራ ነው። በእንሰት አገር ለተሰበረ አጥንት የሚበጁ ተብለው ተለይተው የሚተከሉ የእንሰት ዓይነቶች አሉ፤ አሚቾ የሚባለው ሥሩ ተቀቅሎ ከወተት ጋር ለታማሚው ይሰጣል። በቅርብ ዓመታት የተደረገ የዘር ምርመራ እነዚህ መድኃኒት የሚባሉት ዓይነቶች ከሌላው እንሰት ተለይተው አንድ ወገን እንደማይሆኑ አሳይቷል። ይህ መድኃኒትነታቸውን አያረጋግጥም፣ አያፈርስምም። ለእኔ የሚያሳየኝ ገበሬው በየቦታው ለየብቻው እየሞከረ መምረጡን ነው፤ ከአንድ ጎድጓዳ ሳሕን ወተት የሚመጣው ጥቅምም ቀላል አይደለም፣ አጥንቱ የሚጠግን ሰው መብላት አለበትና።

ሐኪሞች ግን ዝም አይሉም፤ ዝም ሊሉም አይገባም። በሆስፒታል እግር ወይም እጅ ከሚቆረጥባቸው ልጆች መካከል አጥብቆ በታሰረ ስንጥር ምክንያት ሥጋው የሞተባቸው አሉ። መንገዱ ይታወቃል፤ የተሰበረው ያብጣል፣ ማሰሪያው አይሰፋም፣ ደሙ መመላለሻ ያጣል፣ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ፤ ቤተሰቡም ሕመሙን የመዳን ምልክት ነው ብሎ ይታገሣል። አጥንቱ ወደ ውጭ የወጣበትን ስብራት በቅቤ መዝጋትም መርዝ ማተም ነው። ይህን ከወጌሻ ላይ የማነሣ ተከላካይ አይደለሁም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ወጌሻን ከልክሉ የሚለው ፍርድ ማስረጃውን አላነበበም። በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ሐኪሞች መጽሔት የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት፣ በአንድ ሆስፒታል አካባቢ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ተሰጥቶ፣ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ የነበሩት ሁለት ሁለት ዓመታት ሲነጻጸሩ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው አካል በጉልህ እንደ ቀነሰ አስፍሯል። ማላላትን፣ ጣት ማየትን፣ የተከፈተውን ቁስል ወደ ሐኪም መስደድን መማር የሚችል እጅ ድንቁርና የዘጋው እጅ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ያጣ እጅ ነው። ጉሩካሉ በዚህ ይበልጠዋል፤ ለሰይፉ ሲባል የቆመው ካላሪ ለዘይቱም ጉባኤ ሆኖለት፣ ተማሪው የመምህሩን ስሕተት ዓመት ሙሉ ቆሞ ያይበታል።

በሆሳዕና ዛሬ ትልቁ ሆስፒታል የሚጠራው በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያነት ነው፤ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ከተማ ነው። ወንድሟ በዜና መዋዕል ተቆራርጦ ተጻፈ፤ እርሷ ግን የታመመ በሚተኛበት ቤት ስሟ ተጻፈ። ይህ በዘመናችን የተፈጸመ ያልታሰበ ፍርድ ይመስለኛል። በእግር ኳስ ሜዳም የከተማው የሀዲያ ሆሳዕና ቡድን ሲጫወት፣ ተጫዋች ሲወድቅ ሣጥኑን ይዞ የሚሮጠውን ሰው ሕዝቡ ያለ ማንም ባለሙያ ምክር ወጌሻ ይለዋል። ሕዝቡ ተጋጣሚውንና ወጌሻውን በአንድ ሜዳ ላይ ማየት አልቸገረውም፤ የተቸገርነው ጸሐፊዎቹ ነን።

ስለዚህ የሚቀረው ሥራ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ይኸውም የሚያወድስ ሳይሆን የሚመረምር ጽሕፈት። የታሪክና የጤና ተማሪዎች አብረው ወደ ዱራሜ፣ ወደ አንጋጫ፣ ወደ ዶዮገና፣ ወደ ሾኔ ወርደው ሽማግሌ ወጌሾችን ሊጠይቁ ይገባል፦ ከማን ተማርህ፣ እርሱስ ከማን? አያትህ ከፈረስ የወደቀውን ነው ወይስ ከጦር የተመለሰውን ያስር የነበረው? ለልጅ ስንት ቀን፣ ለአረጋዊ ስንት ቀን ታስራለህ? ከእነዚህም ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የትኛውን ስብራት ሳይነካ እንደሚመልስ ነው፤ በመልሱ የትምህርቱን ጥልቀትም፣ ሆስፒታሉ ከእርሱ ጋር የሚገናኝበትን በርም ያሳያልና።